ሁለተኛው ሌንስ

በመልካሳ በተካሄደው የቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር



አዘጋጅ ኮሚቴው ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። መጀመሪያ የተሰጠኝ ርዕስ የተባይ መከላከል ነበር። ኋላ ግን «ምሳ ሊቀርብ ሲል ስለ ትል ማን ይሰማል?» ተባለና ወደ ፎቶግራፍ ተቀየረ። ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ትሉ መግባቱ ግን አልቀረም።

ዛሬ ጠዋት ከአዳማ ወደዚህ ስንመጣ አውቶቡሱ ውስጥ ዞር ብዬ ሳይ የካሜራው ብዛት ገረመኝ። ዓለማያ እያለን በባቻችን አንድ ካሜራ ነበረን፤ ያውም 36 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም በተገዛ ቁጥር «እኔንም አስገባኝ» እየተባለ ሰልፍ የሚያዝበት። ሐይቁ ሞልቶ በነበረበት ጊዜ ስንት ቀን ዳርቻው ተቀምጠን አጥንተናል! እኔ ግን አንድም የሐይቁ ፎቶ የለኝም። የቆጨኝ ሐይቁ ከደረቀ በኋላ ነው።

ዛሬ ልጆቻችሁ ከውጭ የላኩላችሁ አላችሁ፤ ጡረታ ስትወጡ ለራሳችሁ የገዛችሁም አላችሁ። ካሜራው ካነንም ይሁን ኒከን፣ ፊቱ ላይ ያለው ሌንስ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ 18-55 የሚል የተጻፈበት፣ ከካሜራው ጋር በአንድ ካርቶን የሚመጣው። ሻይ እንኳ ሳንጠጣ ሦስት ሰው «ሁለተኛ ሌንስ ምን ልግዛ?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሦስቱም የመለስኩት አንድ ነው፤ «እስቲ መጀመሪያ ይኼኛው ምን ምን እንደከለከለህ ንገረኝ»። አንደኛው ጓደኛችን መልስ የመሸሽ መስሎት ተቀየመኝ። አይደለም ወዳጄ። ይህችን ጥያቄ የተማርኩት ከፍዬባት ነው፤ የከፈልኩት ብቻዬን ባለመሆኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2007 ዓ.ም. አሜሪካ ያለ የባች ጓደኛችን ካሜራ ላከልኝ። አሁን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጧል፤ ስሙን እንዳልጠራ አስጠንቅቆኛል። እኔ ያኔ ከዚህ ራቅ ባለ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ካሜራው ለሥራ ይጠቅምሃል ተብሎ ነው የተላከልኝ። እኔ ግን ልቤ ወፍ ላይ ነበር። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ለሚኖር ሰው ይህ አይፈረድም፤ አዋሽ ዳር፣ ሶደሬ፣ ቆቃ፣ ባቱ፣ የት ሄዳችሁ ወፍ ታጣላችሁ? በ18-55 ሳነሳቸው ግን ዓሣ በል ንስሩ ዛፍ ላይ የተቀመጠች ዝንብ መስሎ ይወጣል።

ስለዚህ የመስክ አበሌን እያጠራቀምኩ አንድ ዓመት ቆየሁና ከአዲስ አበባ 75-300 ሌንስ ገዛሁ። እዚህ ላይ ቁጥሮቹን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ልበል። ሌንሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሚሊ ሜትር ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ ቦታ ያስገባል፤ ሲበዛ ሩቁን ይስባል። 18 ላይ አዳራሹን በሙሉ ታስገባላችሁ፤ 300 ላይ ከመጨረሻው ወንበር ሆናችሁ የእኔን አፍንጫ። ሌንሴ ረጅምና ወፍራም ነበር። ይዤው ስወጣ ሰው «ጋዜጠኛ ነህ?» ይለኛል። እውነቱን ልናገርና ከገዛሁባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኼው ነበር።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ባቱ ሄድኩ። የባቱን የዓሣ ማራገፊያ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ማራቡዎቹና ፔሊካኖቹ ሰው አይፈሩም፤ የዓሣ አንጀት ሲጣል ለማንሳት ከአስጋሪዎቹ እግር ሥር ነው የሚቆሙት። በአዲሱ ሌንሴ አንዱን ማራቡ ሙሉ ቁመቱን ላስገባ ብል አልሆነም፤ ሁልጊዜ ራሰ በራ ጭንቅላቱ ብቻ። ወደ ኋላ ስሸሽ ሐይቁ ውስጥ ልገባ ነበር። የዚያን ቀን ጥሩ ፎቶ ያነሳሁት ቦርሳ ውስጥ ጥዬው በሄድኩት በአሮጌው 18-55 ነው።

ሁለተኛው ትምህርት አዋሽ ዳር አመሻሽ ላይ መጣ። ረጅም ሌንስ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። በእኛ ዓይነት ካሜራ 300 ላይ ሆኖ በእጅ ይዞ ለማንሳት ሸተሩ በሰከንድ 1/500 ያህል መፍጠን አለበት። ጀንበር ካዘቀዘቀች በኋላ ግን የእኔ ሌንስ የሚያስገባው ብርሃን ለ1/60 ቢበቃ ነው። መንቀጥቀጥ የሚከላከል ክፍል ያላቸው ሌንሶች አሉ፤ ካነን ላይ «አይ ኤስ»፣ ኒከን ላይ «ቪ አር» የሚል ፊደል ይጻፍባቸዋል። የእኔው አልነበረውም፤ እንደሚያስፈልግም አላወቅሁም። ያለው ሌንስ ቢሆንም የእጃችሁን መንቀጥቀጥ እንጂ የወፉን መብረር አያቆምም። ያንን የሚያቆመው የሸተሩ ፍጥነት ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ጉዳቱ የእኔ ኪስ ነው። አሁን ወደ ትሉ ልምጣ።

በ2009 ዓ.ም. የካቲት ላይ የአሜሪካ መጤ ተምች የሚባለው ተባይ በደቡብ ምዕራብ፣ ሸካ ዞን መታየቱ ተሰማ። ከዚያ በፊት በአገራችን አይታወቅም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ወደ እኛም ሊደርስ እንደሚችል እንጠብቃለን፤ ግን ማናችንም በዓይናችን አላየነውም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ አርሶ አደር የበቆሎ ቅጠል በፌስታል ይዘው ቢሮ መጡ። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ «ኦቦ» እያልኩ ነው የማወራቸው፣ እሳቸው ደግሞ «ልጄ» ይሉኛል። ቅጠሉ መስኮት መስኮት ሆኖ ተግጧል። መሃል ላይ በተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ እንደ ሰጋቱራ ያለ እርጥብ ነገር አለ። ትሎቹም አሉ።

አገዳ ቆርቁር ነው? የድሮው ተምች ነው? ወይስ አዲሱ? ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። አዲሱ ከሆነ ገና ትንሽ ሳለ ነው መያዝ ያለበት፤ ካደገ የተጠቀለለው ቅጠል ውስጥ ይገባና በራሱ እዳሪ በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ከላይ የሚረጨው መድኃኒት አይደርስበትም። ምልክቱን ከወረቀት ላይ አንብቤያለሁ፤ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ የዋይ ፊደል፣ ከጭራው አጠገብ ስምንተኛው የሆድ ክፍል ላይ ደግሞ በካሬ የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጥቦች። በማጉያ መነጽር አየሁ። ያለ መሰለኝ። ግን የድሮው ተምችም ግንባሩ ላይ ተቀራራቢ መስመር አለው። እኔ የትኛውንም በቅርብ አጥንቼ አላውቅም፤ «መሰለኝ» ብዬ ደግሞ ወረዳውን በሙሉ ላስነሳ አልደፈርኩም።

«ፎቶ አንስቼ ልላክ» አልኩ። የዶርም ጓደኛዬ የነፍሳት ባለሙያ ነው፤ አይቶ ይነግረኛል። ኦቦ ማሳቸው ድረስ ወሰዱኝ። ረጅሙን ሌንስ ገጠምኩና ትሉ ላይ አነጣጠርኩ። ሌንሱ ወዲያና ወዲህ እየተሽከረከረ አልይዝ አለ። ለካ እያንዳንዱ ሌንስ ከዚህ ወዲህ አላይም የሚልበት ርቀት አለው፤ የእኔው አንድ ሜትር ተኩል ነበር። አንድ ሜትር ተኩል ላይ ቆማችሁ ትል ስታዩ ምን ይታያችኋል? በ18-55 ደግሞ እስከ 25 ሴንቲ ሜትር መቅረብ ይቻላል፤ ግን ትሉ ገና ትንሽ ነው፤ ቅጠሉን ንፋስ ያወዛውዘዋል፤ ፎከሱ ትሉን ትቶ የቅጠሉን ጠርዝ ይይዛል። አርባ ያህል አነሳሁ። ኦቦ ከኋላዬ ቆመው ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ ይህ ካሜራህ የሚያውቀው ወፍ ብቻ ነው እንዴ?» አሉኝ።

ለካ አዋሽ ዳር በደረቴ ተኝቼ ወፍ ሳነሳ አይተውኝ ኖሯል።

ፎቶዎቹን ላክሁ። ጓደኛዬ መለሰ፤ «ትል መሆኑ ይታየኛል። ጭንቅላቱን አሳየኝ»። ማታ ነው፤ ትሎቹን በማግስቱ ይዤ ልሄድ አስቤ ስድስቱን በአንድ ብልቃጥ ጨምሬ አደርኩ። ይህ ደግሞ ሌላው አለማወቄ ነው፤ የአሜሪካ ተምች እርስ በርሱ ይበላላል። ጠዋት ስከፍተው አንድ ወፍራም ትል ብቻ አገኘሁ፤ እሱም ጠቁሮ ሞቷል። ቅዳሜና እሁድ አለፈ፣ ሰኞ ስብሰባ፣ ማክሰኞ መኪና የለም። ባለሙያ በቦታው ደርሶ «አዎ፣ እሱ ነው» እስኪል ድረስ ስምንት ቀን ሄደ። በስምንት ቀን ውስጥ ትሎቹ አድገው በር ዘግተዋል። ከኦቦ ማሳ የመሃሉ በቆሎ ሳያሽት ቀረ፤ የተረፈው በእጅ ለቅመን የደረስንለት የዳሩ ነው።

እሳቸው አልወቀሱኝም። በዚያ ዓመት ዝናቡም ብዙ ነገር አበላሽቷል ብለው አለፉት። እኔ ግን ያንን ሌንስ ባየሁት ቁጥር የሚሰማኝን እኔ ነኝ የማውቀው። የሌንሱ ጥፋት አልነበረም። ከ18-55ቱ ጋር ሁለት ዓመት ስኖር የሥራዬን ፎቶ ሁሉ፣ የቅጠል ዝገቱን፣ የቦሎቄ ነቀዙን፣ ክሹን፣ ከሩቅ እያነሳሁ «ካሜራው አይችልም» እያልኩ ነበር። የከለከለኝ ነገር በየቀኑ ፊቴ ላይ ነበረ፤ እኔ የገዛሁት ግን ለቅዳሜዬ ነው።

መስከረም ላይ ረጅሙን ሌንስ ከገዛሁበት በታች ሸጥኩት። በገንዘቡ ሁለት ነገር ገዛሁ። አንዱ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ነው፤ አፐርቸሩ፣ ማለትም የብርሃን መግቢያ ቀዳዳው፣ 1.8 የሚባለው። ሌላው የማራዘሚያ ቀለበት ነው። ቀለበቱ ባዶ ነው፤ መስታወት የለውም። ካሜራውና ሌንሱ መካከል ይገባና ሌንሱን ከሴንሰሩ ያርቀዋል፤ ሌንሱ ሲርቅ እናንተ ወደምታነሱት ነገር መቅረብ ትችላላችሁ። 50ው ሌንስ ብቻውን ለነፍሳት አይሆንም፤ እንዲያውም ከ18-55 ያነሰ ነው የሚያጎላው። 25 ሚሊ ሜትር ቀለበት ሲጨመርለት ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ትል ሴንሰሩ ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ያርፋል። ሴንሰራችን ወርዱ ከ22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ትሉ የፎቶውን ሲሶ ይይዛል። ግንባሩ ላይ ያለው ዋይ በግልጽ ይነበባል።

ስትገዙ ቀለበቱ የኤሌክትሪክ መገናኛ ያለው መሆኑን እዩ። የሌለው ይረክሳል፤ ግን በዛሬዎቹ ሌንሶች ላይ አፐርቸሩን ከካሜራው ማዘዝ አትችሉም። ትልቁ ችግር ደግሞ እዚያ ነው፤ በቅርብ ስታነሱ ጥርት ብሎ የሚወጣው ክፍል የወረቀት ያህል ቀጭን ስለሆነ አፐርቸሩን ወደ 8 ወይም 11 ማጥበብ አለባችሁ። አፐርቸር ላይ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል፤ ግራ ያጋባል፣ ግን እንዲያ ነው። ንፋስ ሳይነሳ በጠዋት ውጡ። ፎከሱን በእጅ አድርጉትና እናንተው ወደፊትና ወደ ኋላ በትንሹ እየተወዛወዛችሁ አንሱ። ለነፍሳት ተብሎ የሚሠራ ማክሮ ሌንስም አለ፤ ከዚህ ሁሉ ይሻላል፣ ዋጋው ግን ከካሜራችሁ ሊበልጥ ይችላል። መጀመሪያ በቀለበቱ ሞክሩ።

በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ የእንቁላሉን ክምር ሳይቀር አነሳሁት፤ ቅጠሉ ላይ በደቃቅ ፀጉር ተሸፍኖ የሚጣለውን። ፎቶዎቹን በትልቁ አሳትመን፣ በላስቲክ አስለብሰን በየቀበሌው ይዘን ዞርን። እናቶችና ልጆች ፎቶውን አይተው ማሳ ይገባሉ፤ እንቁላሉን ከነቅጠሉ ጨፍልቀው ይወጣሉ። ኦቦ ያንን ወረቀት አንዱን ጠይቀው ወስደው ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጥፈውታል።

አሁን ወደ እናንተ።

አብዛኞቻችሁ ትል አታነሱም፤ ይገባኛል። ጠዋት ስትነግሩኝ ብዙዎቻችሁ የምትፈልጉት የልጅ ልጅ ነው፤ ክርስትና፣ ልደት፣ ቡና ሲፈላ። እዚያ 18-55 የሚከለክላችሁ ብርሃን ነው። 55 ላይ አፐርቸሩ ከ5.6 በላይ አይከፈትም። 1.8 ያለው ሌንስ ከዚያ አሥር እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ሳሎን ውስጥ በ1/6 ሰከንድ የደበዘዘው ሕፃን በ1/60 ዓይኑ ይታያል፤ ፍላሽ እየተኮሳችሁም አታስለቅሱትም። ስለዚህ 50 በ1.8 ግዙ የሚለው የብዙ ሰው ምክር ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ግን ይረሳል። በእኛ ካሜራ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ 50ው እንደ 75 ወይም 80 ነው የሚስበው። ለአንድ ሰው ፊት ግሩም ነው። አምስት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ላንሳ ብትሉ ግን ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል። ቤታችሁ እንደ እኔ ቤት ጠባብ ከሆነ ኒከን ያላችሁ 35 በ1.8፣ ካነን ያላችሁ 24 በ2.8 ይሻላችኋል። የቱ እንደሚሆናችሁ ለማወቅ ገንዘብ አያስፈልግም። 18-55ቱን 50 ላይ አድርጉና በፕላስተር አሽጉት። ሁለት ሳምንት በዚያ ብቻ አንሱ። ከዚያ ፕላስተሩን 35 ላይ ዳግመኛ። የትኛው ላይ እንደተነጫነጫችሁ ሚስቶቻችሁን ጠይቁ።

ወፍ የምትወዱ፣ እኔ ስለተቃጠልኩ ተዉት አልልም። ግን መንቀጥቀጥ መከላከያ ያለውን ግዙ፤ 55-250ው ከ75-300 ቢያጥርም ለጀማሪ እሱ ይበልጣል። የመልክዓ ምድር ሰፊ ሌንስ የጠየቀኝ ጓደኛዬ ደግሞ ገንዘብህን ያዝ። ከአዳማ ወጣ ብለህ የወንጂን የሸንኮራ ማሳ ከከፍታ ላይ ስታየው 18 ይበቃሃል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳ እንጂ፤ ጎህ ሲቀድ ከአልጋ ለማይወርድ ሰው ሰፊ ሌንስ ምንም አያደርግለትም።

ሌላም ዘዴ አለ። ኮምፒውተር ላይ ፎቶዎቻችሁን ስትከፍቱ እያንዳንዱ በስንት ሚሊ ሜትር እንደተነሳ ተጽፎ ታገኛላችሁ። የወደዳችኋቸውን ሳይሆን የሰረዛችኋቸውን ቁጠሩ። ከመሰረዛችሁ በፊት ማለቴ ነው። ደብዝዞ ነው? ርቆ ነው? አልገባ ብሎ ነው? ሌንሱን የሚመርጥላችሁ ያ የተበላሸው ክምር ነው።

ስለ አሮጌ ሌንስ በአጭሩ። ሁለተኛ እጅ መግዛት አያሳፍርም፤ የእኔ 50 ሁለተኛ እጅ ነው። የስልካችሁን መብራት ከኋላ በኩል አብሩበትና በፊት በኩል እዩ፤ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ከታያችሁ ሻጋታ ነው፣ መልሱ። የአፐርቸሩ ስለቶች ላይ ዘይት ካለ መልሱ። ጥቂት አቧራ ግን አያስጨንቅም። የኒከን ሰዎች በተለይ ተጠንቀቁ፤ ዲ3000 እና ዲ5000 ተብለው የሚጀምሩት የጀማሪ ካሜራዎች ውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። «ኤ ኤፍ-ዲ» የሚል አሮጌ 50 በርካሽ ብታገኙ ይገጥማል፣ ፎቶም ያነሳል፣ ፎከሱን ግን በእጃችሁ ነው የምታዞሩት። «ኤ ኤፍ-ኤስ» የሚለውን ፈልጉ። ምንም ቢሆን ካሜራችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው ገጥማችሁ ሳታነሱ ብር አትቁጠሩ።

ሰዓቴ አልቋል፤ ሰብሳቢያችን እያዩኝ ነው። ከምሳ በኋላ የምርምር ማዕከሉን ማሳ ስንጎበኝ ቀለበቶቹና 50ው ሌንስ እኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው። ካነን ያላችሁ መሞከር ትችላላችሁ፤ ኒከን ላይ አይገጥምም። ልመና ግን አለኝ፤ ማሳው ላይ ሌንስ አንፈታም። ከአዳማ በላይ የቆሙትን የንፋስ ተርባይኖች ስትመጡ አይታችኋቸዋል፤ ያለ ነገር አልተተከሉም። የዚህ አገር አቧራ ሴንሰር ላይ አንዴ ካረፈ በየፎቶው ሰማይ ላይ ነጥብ ሆኖ ይከተላችኋል። መቀየር የፈለገ እዚሁ አዳራሽ ውስጥ መስኮት ዘግተን፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት ደፍተን እንቀይራለን።

ትልም አምጥቻለሁ። እያንዳንዱ በየብልቃጡ ነው።